ዳርክ ቸኮሌት የደም ግፊት መድኃኒትን ይተካል ወይ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 47 ነው። በተለያየ ቀን ስለካ ግፊቴ አንዴ 142 በ91፣ አንዴ ደግሞ 145 በ92 ሆነ። ሐኪሜ መድኃኒት ሊያስጀምረኝ እያሰበ ነው። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ዕድሜ ልኬን ልውጠው ነው ብዬ ፈራሁ። ዳርክ ቸኮሌት ግፊት ያወርዳል የሚል ነገር ደጋግሜ አነባለሁ። በየቀኑ ብበላ መድኃኒቱን ያስቀርልኛል? ስንት በመቶ የሆነውን ልግዛ? ስንት ግራም ልብላ? ከባድ ብረት አለበት የሚባለውስ እውነት ነው? ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። አይተካም። ቸኮሌቱን ይተዉ ማለቴ ግን አይደለም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ይመጣልኛል። ብዙ ጊዜ ጠያቂው ቸኮሌቱን ቀድሞ ጀምሮታል፤ ከእኔ የሚፈልገው «በርታ» መባልን ብቻ ነው። እርስዎ ሳይጀምሩ መጠየቅዎ ጥሩ ነው። ወሬው ከባዶ የተነሣ ስላልሆነ ከየት እንደመጣ ልንገርዎት። ያን ካወቁ የትኛውን ማስታወቂያ ማመን እንዳለብዎ እኔን መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

ከፓናማ የካሪቢያን ዳርቻ ፊት ለፊት ሳን ብላስ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ነዋሪዎቹ የኩና ሕዝብ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ግፊት ሲያረጁም ብዙም ከፍ አይልም። ይህ ያልተለመደ ነው፤ በአብዛኛው ዓለም ዕድሜ ሲገፋ ግፊትም አብሮ ይወጣል። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነገሩን ሲከታተል፣ ወደ ዋና ከተማዋ ፓናማ ሲቲ የፈለሱት ኩናዎች ግፊታቸው እንደማንኛውም ሰው ሲጨምር አየ። ስለዚህ ምክንያቱ ዘር ብቻ ሊሆን አይችልም። ደሴት ላይ የቀሩት ካካዎ በብዛት ይጠጣሉ፤ ከተማ የገቡት ግን በጣም ያነሰ። ጥርጣሬው እዚህ ላይ አረፈ።

እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ብቻውን ደካማ ነው። ሰው ከደሴት ወደ ከተማ ሲሄድ የሚቀየረው መጠጡ ብቻ አይደለም። እንቅስቃሴው፣ ጭንቀቱ፣ እንቅልፉ፣ የተቀረው ምግቡ ሁሉ ይቀየራል። ያም ሆኖ ጥርጣሬው ወደ ቤተ ሙከራ አስገባን፤ እዚያ ደግሞ እውነተኛ ነገር ተገኘ።

ካካዎ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ውሑዶች አሉ። ከእነሱ በደንብ የተጠናው ኢፒካቴቺን ነው። የደም ሥሮቻችን ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ የሥሩን ጡንቻ ያላላዋል። ሥሩ ሲላላ ይሰፋል፣ ደም በቀላሉ ያልፋል። ይህን የጋዙን ሥራ ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመውበታል። ኢፒካቴቺን ይህ ጋዝ በበቂ መጠን እንዲገኝ ያግዛል። ሰው ፍላቫኖል የበዛበት ካካዎ ጠጥቶ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ የክንዱ ደም ሥር ሲለካ ከበፊቱ በተሻለ ሲሰፋ ይታያል። ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን 200 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥሮችን የመለጠጥ ችሎታ ለመጠበቅ ይረዳል የሚለውን አባባል ተቀብሎታል።

እስካሁን ሁሉም ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ፍላቫኖሉ ወደ ቸኮሌት ሲጓዝ ነው።

ጥሬ የካካዎ ፍሬ መራራና አፍ የሚያኮማትር ነው። ምሬቱን የሚያመጡለት በከፊል እነዚሁ ፍላቫኖሎች ናቸው። ቸኮሌት የመሥራት ጥበብ ደግሞ ባብዛኛው ምሬቱን የማስለቀቅ ጥበብ ነው። ፍሬው ተሰብስቦ ለቀናት ይብላላል፤ ፍላቫኖሉ ይቀንሳል። ከዚያ ይቆላል፤ እንደገና ይቀንሳል። ትልቁ ጉዳት ግን የሚደርሰው ካካዎው በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ውሑድ) ሲታከም ነው። ዘዴው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንዱ ቫን ሃውተን ያስለመደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 የካካዎ ቅቤን ጨምቆ የሚያወጣ መሣሪያም ከዚሁ ቤተሰብ ወጥቷል። አልካሊው ዱቄቱን ለስላሳ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ፈሳሽ ውስጥም በቀላሉ እንዲበተን ያደርገዋል። ለጣዕም ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የገበያ ምርመራ ግን የሚያስደነግጥ ልዩነት አሳየ። ያልታከመ የካካዎ ዱቄት በአንድ ግራም በአማካይ 34.6 ሚሊግራም ፍላቫኖል ነበረው። በቀላሉ የታከመው 13.8፣ በመካከለኛ ደረጃ የታከመው 7.8፣ በከባዱ የታከመው ደግሞ 3.9 ሚሊግራም ብቻ። በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ዱቄቶች ዘጠኝ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ይፈርሳል። ብዙ ሰው የጠቆረው ቸኮሌት ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለዋል። ጥቁረቱ ግን ከአልካሊው ሊመጣ ይችላል።

ወደ ግፊቱ እንመለስ። ኮክሬን የሚባለው የተመራማሪዎች ትብብር እ.ኤ.አ. በ2017 በርዕሱ ላይ የተደረጉ 35 ሙከራዎችን አንድ ላይ ገመገመ። ተሳታፊዎቹ 1,804 ነበሩ። በፍላቫኖል የበለጸገ የካካዎ ምርት የወሰዱት ሰዎች ግፊት በአማካይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር (በግፊት መለኪያው ላይ 2 ነጥብ) ገደማ ወረደ፤ ላይኛውም ታችኛውም። ግፊታቸው ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ላይኛው ቁጥር 4 ያህል ወርዷል። ሙከራዎቹ ባብዛኛው ከ2 እስከ 18 ሳምንት የቆዩ ናቸው። የተሰጠው ፍላቫኖል ደግሞ በአማካይ በቀን 670 ሚሊግራም ነው፤ ከገበያ በዘፈቀደ ተገዝቶ በሚበላ ቸኮሌት የሚደረስበት መጠን አይደለም።

2 ወይም 4 ነጥብ ምን ያህል ነው? አንድ የተለመደ የግፊት መድኃኒት በመደበኛ መጠኑ ላይኛውን ቁጥር በአማካይ 9 ያህል ያወርዳል። ግፊት ያለበት ሰው ጨው በደንብ ሲቀንስ 5 ገደማ ይወርድለታል። ክብደት የሚቀንስ ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ኪሎ 1 ነጥብ ገደማ ያተርፋል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ልብ ይበሉልኝ፤ ስሌቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

100 ግራም ዳርክ ቸኮሌት 600 ካሎሪ ገደማ አለው። ከዕለት ምግብዎ ምንም ሳይቀንሱ በየቀኑ አንድ ሙሉ ቸኮሌት ቢጨምሩ ጥቂት ኪሎ መጨመርዎ አይቀርም። ሁለት ኪሎ ጨመሩ እንበል። ኮክሬን ያገኘው 2 ነጥብ በዚሁ ተበላ። ከዚያ በላይ ከጨመሩ ግፊትዎ ከነበረበትም ሊወጣ ነው። ቸኮሌትን እንደ መድኃኒት መውሰድ የማይሠራበት ዋናው ምክንያት ይኼ ነው። የሚጠቅመውን ውሑድ በቂ ለማግኘት የማይጠቅመውን በብዛት መብላት ግድ ይላል።

ትልቁ ሙከራ ይህን ስለሚያውቅ ቸኮሌት አልሰጠም፤ እንክብል ነው የሰጠው። ኮስሞስ ይባላል፤ በአሜሪካ የተደረገ ነው። 65 ዓመት የሞላቸው ሴቶችና 60 የሞላቸው ወንዶች፣ በድምሩ 21,442 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል ወሰዱ፤ የቀሩት ባዶ እንክብል። ክትትሉ ወደ 3.6 ዓመት ቆየ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ዋናው ጥያቄ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በጠቅላላው ቀነሱ ወይ የሚል ነበር። 10 በመቶ ቀንሰዋል፤ ነገር ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። በልብና በደም ሥር በሽታ ምክንያት የሞቱት ግን በ27 በመቶ አንሰዋል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጥያቄ ስለነበር ግን ሌላ ሙከራ ካላረጋገጠው በስተቀር እንደ ተዘጋ ጉዳይ አላየውም።

ኮስሞስን በከፊል የደገፈው ከአንድ ግዙፍ የቸኮሌት አምራች ጋር የተያያዘ ድርጅት ነው። ይህ ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፤ አሠራሩ ጠንካራ ነው። በዚህ ዘርፍ ግን ብዙው ገንዘብ ከኢንዱስትሪው እንደሚመጣ እያወቁ ቢያነቡ ይሻላል።

ከዚህ ውጭ የሚያነቧቸው አብዛኞቹ ዜናዎች ሌላ ዓይነት ጥናት ላይ የቆሙ ናቸው። ሰዎችን «ምን ትበላላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ለዓመታት መከታተል ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በቢኤምጄ መጽሔት የወጣ ሥራ ከ192,000 በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን መረጃ ተጠቅሟል። ዳርክ ቸኮሌት በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚበሉት በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ ያነሰ ነበር። የወተት ቸኮሌት የሚያዘወትሩት ላይ ይህ አልታየም፤ እንዲያውም ክብደታቸው ጨምሯል። ጥሩ ጥናት ነው። ግን ዳርክ ቸኮሌት የሚመርጥ ሰው ሌላም ብዙ ነገር ይመርጣል። አትክልት ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ሲጋራ አያጨስም። ይህን ሁሉ በሒሳብ ለመለየት ይሞከራል፤ ሙሉ በሙሉ አይለይም።

እንዲህ ዓይነት ዝምድና የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየ አንድ ቀልድ ቢጤ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሐኪሙ ፍራንዝ ሜሰርሊ የ23 አገሮችን የቸኮሌት ፍጆታ ከኖቤል ተሸላሚዎቻቸው ብዛት ጋር አነጻጸረ። ቸኮሌት የሚበዛበት አገር ሽልማቱም ይበዛለታል፤ ስዊዘርላንድ ከላይ ናት። ሀብታም አገር ቸኮሌትም ይገዛል፣ ዩኒቨርሲቲም ይሠራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በ2015 ደግሞ ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ከሌሎች ጋር ሆኖ ሆን ብሎ የደከመ ሙከራ ሠራ። 15 ሰዎች፣ 18 የተለያዩ መለኪያዎች። ከ18ቱ አንዱ በአጋጣሚ መልካም ውጤት ማሳየቱ አይቀርም፤ አሳየም። «ቸኮሌት ያከሳል» የሚለው ዜና በብዙ አገር ጋዜጦች ዞረ። በኋላ እሱ ራሱ አጋለጠው። ወሬው ግን እስካሁን እየዞረ ነው፤ ለእኔም ይደርሰኛል።

እሺ፣ የትኛውን ይግዙ?

ማሸጊያው ላይ ያለው «70 በመቶ» የሚለው ቁጥር የሚናገረው ከካካዎ ፍሬ የመጣው ክፍል ምን ያህል እንደሆነ ነው። የካካዎ ቅቤም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ቅቤው ደግሞ ፍላቫኖል የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ 85 በመቶ የሚለው ከ70 በመቶው የበለጠ ፍላቫኖል አለው ብሎ መማል አይቻልም። ቁጥሩ በእርግጠኝነት የሚነግርዎ ስኳሩን ነው። ከ70 እስከ 85 በመቶ በሆነ ቸኮሌት 100 ግራም ውስጥ 24 ግራም ገደማ ስኳር አለ። በወተት ቸኮሌት ውስጥ ከ50 ግራም ያልፋል። ነጭ ቸኮሌት ወደ 59 ግራም ይደርሳል፤ ከካካዎው የቀረለት ቅቤው ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከዕለት ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም እና 25 ግራም ማለት ነው። አንድ ሙሉ የወተት ቸኮሌት ብቻውን የላይኛውን ወሰን ይሞላል።

ስለዚህ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። ከዚያ ገልብጠው የተዘረዘሩትን ግብዓቶች ያንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ካካዎ እንጂ ስኳር መሆን የለበትም። «በአልካሊ የታከመ» የሚል ካለ ፍላቫኖል ፍለጋ አይግዙት። ለጣዕሙ ከሆነ ይግዙት፣ መብትዎ ነው። በእኔ እምነት ግን ፍላቫኖሉን በእውነት የሚፈልግ ሰው ከቸኮሌት ይልቅ አልካሊ ያልነካው የካካዎ ዱቄት ቢይዝ ይሻለዋል። ስኳር የለውም፣ ቅባቱም አብዛኛው ወጥቶለታል። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ በትኩስ ወተት ወይም በውኃ ቢበጠብጡት ጥሩ መጠጥ ይወጣዋል። ስኳሩን እርስዎ ነዎት የሚወስኑት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ልብ ጤና የሚባለውን አባባል ሲፈቅድ፣ የፈቀደው ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ላለው ዱቄት ብቻ ነው። ማስረጃው በጣም ውስን መሆኑ አብሮ እንዲጻፍም አዟል። ተራ ዱቄትና ቸኮሌት እዚያ ውስጥ አልገቡም።

መጠኑ? በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም፣ በየቀኑም ባይሆን። 25 ግራም 150 ካሎሪና 6 ግራም ገደማ ስኳር ነው። እሱን ሲጨምሩ ሌላ ጣፋጭ ይቀንሱ። ስለ ቅባቱ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ እኔ መካከለኛ ነኝ። ከካካዎ ቅቤ አንድ ሦስተኛው ገደማ ስቴሪክ አሲድ ነው። የጠገበ ቅባት ቢሆንም ኮሌስትሮልን አይጨምርም። ሩብ ያህሉ ግን ፓልሚቲክ አሲድ ነው፤ እሱ ይጨምራል። በ25 ግራም ደረጃ የሚያስጨንቅ አይደለም።

የከባድ ብረቱ ወሬ እውነት ነው፤ ይህን ማድበስበስ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 28 ዳርክ ቸኮሌቶችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ካድሚየምና ሊድ አገኘ። በ23ቱ ላይ፣ በቀን 28 ግራም ገደማ የሚበላ ሰው የካሊፎርኒያ ግዛት ካስቀመጠችው የዕለት ወሰን ቢያንስ በአንዱ ብረት ያልፋል። የካሊፎርኒያ ወሰን ሆን ተብሎ በጣም ጥብቅ የተደረገ ነው። ስለዚህ «ወሰን አለፈ» ማለት «ተመረዙ» ማለት አይደለም።

ሁለቱ ብረቶች የሚገቡበት መንገድ የተለያየ ነው። ካድሚየሙን ዛፉ ከአፈር ይስበዋል። በተለይ በላቲን አሜሪካ አንዳንድ አካባቢዎች አፈሩ በተፈጥሮው ካድሚየም ይበዛበታል። ሊዱ ግን በአብዛኛው ከአጨዳ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ፍሬው ደጅ ተሰጥቶ ሲደርቅ አቧራ ይይዘዋል። ስለዚህ ሊዱን በንጽሕና መቀነስ ይቻላል፤ ካድሚየሙ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱም ካካዎው ራሱ ውስጥ ስለሆኑ የካካዎው መቶኛ ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ። ለጤና ብለው ወደ 90 በመቶ የሚወጡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል።

አንድ ስሌት ልሥራልዎ። የአውሮፓ ኅብረት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካካዎ ባለው ቸኮሌት ውስጥ በኪሎ እስከ 0.8 ሚሊግራም ካድሚየም ይፈቅዳል። ቸኮሌቱ ልክ ወሰኑ ላይ ያለ ቢሆን 25 ግራም ውስጥ 20 ማይክሮግራም ይኖራል። የአውሮፓው ባለሥልጣን ለሰው የሚፈቅደው በሳምንት በአንድ ኪሎ ክብደት 2.5 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 21 ገደማ ይደርሳል። በዚህ መጥፎ ሁኔታ ያቺ 25 ግራም ብቻዋን የቀኑን ድርሻ ትጨርሳለች። ካድሚየም ደግሞ ከሌላ ምግብም ይገባል፤ ከእህልና ከቅጠላ ቅጠል ጭምር። አብዛኛው ቸኮሌት ከወሰኑ በታች ነው፤ ቢሆንም በየቀኑ 100 ግራም አይብሉ የምለው በካሎሪው ብቻ አይደለም። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ድርሻው በቀን 7 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ለትናንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ዳርክ ቸኮሌትን የዕለት ልማድ አላደርግም። አይረን ያነሰው ሰውነት ካድሚየምን የበለጠ ስለሚስብ፣ ደም ማነስ ያለባቸውም እንደዚሁ ቢጠነቀቁ ይሻላል። የሚገዙትን ብራንድ እየቀያየሩ መግዛት ቀላሉ መከላከያ ነው።

ስለ አይረን ከተነሣ፣ ዳርክ ቸኮሌት አይረን አለው ተብሎ ለደም ማነስ ሲታዘዝ እሰማለሁ። አለው፤ 100 ግራሙ ውስጥ 12 ሚሊግራም ገደማ። ግን ፍላቫኖሎቹና ዘመዶቻቸው አይረኑን ይይዙታል፤ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። የአይረን ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑን ከቸኮሌት ጋር አያድርገው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ብጉር ላይ ማስረጃው የተቀላቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 «ምንም አያደርግም» ያለው ታዋቂ ጥናት፣ ለማነጻጸሪያ የሰጠው ጣፋጭ ራሱ በስኳርና በቅባት ከቸኮሌቱ ጋር የሚመሳሰል ስለነበር ብዙ አያሳምንም። ፊትዎ ላይ ልዩነት ካዩ ይመኑት። ማይግሬንን በተመለከተ፣ ሕመሙ ሊጀምር ሲል ራሱ የጣፋጭ አምሮት ያመጣል፤ ሰውዬው ቸኮሌት ይበላል፣ ከዚያ ራሱን ያመዋል፣ ጥፋቱ በቸኮሌቱ ላይ ይላከካል። የኩላሊት ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ካካዎ ኦክሳሌት እንደሚበዛበት ይወቁ። ኩላሊታቸው ደክሞ ፖታሲየም እንዲቀንሱ የተነገራቸውም ሐኪማቸውን ይጠይቁ። «የፍቅር ኬሚካል አለው» የሚባለው ፌኒልኢቲላሚን አንጎል ሳይደርስ ሰውነት ውስጥ ይፈርሳል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1994 በተደረገ ሙከራ ቸኮሌት ያማራቸው ሰዎች የካካዎውን ንጥረ ነገሮች በእንክብል ሲወስዱ አምሮታቸው አልወጣላቸውም። ነጭ ቸኮሌት ግን በከፊል አውጥቶላቸዋል። አምሮቱ የጣዕሙ፣ የመዓዛውና አፍ ውስጥ የመቅለጡ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት፤ ስኳሩ በድንገት ሲወርድበት ቸኮሌት አይብላ። ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ደቂቃ ዋጋ አለው። 15 ግራም ግሉኮስ ወይም ጭማቂ ይውሰድና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ውሻ ካለዎት ደግሞ ለውሻ አይስጡ። ቲዮብሮሚን የሚባለው አነቃቂ ለእኛ ቀላል ነው፤ ውሻ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው፣ ሊገድለውም ይችላል።

አሁን ስለ ፍርሃትዎ። መድኃኒት መጀመር አለመጀመሩን የሚወስኑት እርስዎና ሐኪምዎ ናችሁ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንም። ግን ግፊትዎ ወሰኑን ብዙ አላለፈም፤ ሐኪምዎን «ሦስት ወር አኗኗሬን ላስተካክልና እንደገና እንለካ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስኳር፣ የኩላሊት ችግር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ቤትዎ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም አይንኩ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ጀርባዎን ያስደግፉ፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ያሳርፉ፣ አያውሩ። በቤት ልኬት አማካዩ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው የሚባለው። ቁጥሮቹን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ በታሸገ ምግብና በዳቦ የሚገባውም ይቆጠራል። መድኃኒት ከጀመሩ ደግሞ ያለ ሐኪም አያቋርጡ። ክብደትና ጨው ሲቀንሱ መጠኑ የሚቀነስላቸው፣ አንዳንዴም የሚቆምላቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ «ከጀመርኩ አበቃልኝ» የሚለው ለሁሉም ሰው አይሠራም።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ለግፊቱ ብለው ሰዓት መምረጥ አያስፈልግዎትም። ለእንቅልፍና ለቃር ግን ያስፈልጋል። 25 ግራም ዳርክ ቸኮሌት 20 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ አንድ ኩባያ ቡና ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ቲዮብሮሚኑ ደግሞ ወደ 200 ሚሊግራም ይጠጋል። እንቅልፍዎ ቀላል ከሆነ ማታ ይተዉት። ቸኮሌት ከጨጓራ በላይ ያለውን መዝጊያ ጡንቻም ያላላዋል፤ ቃር የሚያስቸግርዎ ከሆነ በልተው ወዲያው አይተኙ። ከምሳ በኋላ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ጠግበው ስለሚሆኑ በሁለት ቁራጭ ማቆምም ይቀልልዎታል።